ሌይኮክን በእርጋታ ማየት

ሌይኮክን ሳስብ ቀድሞ የሚታወሰኝ እዚያ የሌለው ነገር ነው። ጣራዎቹ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና የለም፤ ከቤት ቤት የተዘረጋ የመብራት ገመድም አይታይም፤ ሁሉም ከመሬት በታች ተቀብሯል። መንደሩ ያለው እንግሊዝ ውስጥ ዊልትሸር ነው፤ ከቺፕንሃም ከተማ በስተደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እንዲህ ሳይበላሽ የቆየው፣ በእኔ እምነት፣ ለብዙ ሰው ተቆራርጦ ስላልተሸጠ ነው። መጀመሪያ እዚያው የነበረ የደናግል ገዳም ንብረት ነበር፤ በ1539 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ገዳሙ ከተዘጋ በኋላ ዊልያም ሻሪንግተን ገዛው፤ በጋብቻ ወደ ታልቦት ቤተሰብ ተላለፈ፤ በ1944 ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙን ከነመንደሩ ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አስረከቡ። ዛሬም ቤቶቹ ውስጥ ተከራዮች ይኖራሉ። በመስኮት አጮልቆ ማየትና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት ነውር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ቺፕንሃም ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚያ ወደ ትሮውብሪጅ በሚሄደው አውቶቡስ ይደረሳል፤ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያዩ መሳፈር ግን አይበጅም። መኪና የያዘ ሰው መንደሩ ዳር፣ ሂዘር ዌይ ላይ ባለው ማቆሚያ ትቶት በእግሩ ይግባ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ነዋሪውም ማቆሚያ ያስፈልገዋል።

ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አራት ብቻ ስለሆኑ ሁሉንም በግማሽ ሰዓት ዞሮ መጨረስ ይቻላል። አብዛኛው ጎብኚ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ያሳዝነኛል። ቸርች ስትሪት ላይ ካለው አሮጌ የእንጨት ቤት ፊት ቆም ማለት ይገባል። ጎበጥ ያለ ግንድ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሾቹ ፊት ለፊት ተጋጥመው ከታች እስከ ጣራው ጫፍ ይቆማሉ። ጣራውን የሚሸከመው ይህ ጥንድ ነው፤ ግድግዳው ክፍተት ከመሙላት ያለፈ ሥራ የለውም። በምሰሶዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት ይጠለፍና በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል። አገር ቤት የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቤት የሚጎዳው በሲሚንቶ ሲጠገን ነው። ኖራ የገባውን እርጥበት መልሶ ያወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃውን እንጨቱ ላይ ያግደዋል፣ ከውጭ ደህና የሚመስለው ምሰሶም ከውስጥ ይበሰብሳል።

ጆርጅ የሚባለው የጥንት መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው ዘንድ፣ የእንጨት መንኮራኩር አለ። በውስጡ ውሻ ይሮጥ ነበር፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ሥጋ የተሰካበት ብረት አብሮ ይዞራል፣ ሥጋውም በአንድ ወገን አያርም። ከእሳቱ አጠገብ ስለሚሮጠው ውሻ ሳስብ ያ ጥብስ አያስጎመጀኝም።

የደብሩ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሰየመ ነው፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት ያለፈው ሕፃን። በእንግሊዝ ገጠር ይህን ስም ማግኘት ብርቅ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የቤታችን ስም ነው።

ገዳሙን በ1232 ያቋቋሙት የሳልዝበሪዋ ኮንቴሳ ኤላ ናቸው። ሻሪንግተን የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ ቀሪውን መኖሪያ ቤት ቢያደርገውም ደናግሉ ይመላለሱበት የነበረውን ባለ ቅስት መተላለፊያ አልነካውም፤ ብዙ ሰው የሚመጣው ፊልም የተቀረጸበትን ይህን መተላለፊያ ሊያይ ነው። እኔ ብሆን የማስቀድመው በደቡቡ አዳራሽ ያለችውን ትንሽ መስኮት ነው። ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆኑት የቤቱ ባለቤት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በነሐሴ ወር 1835 ያነሱት እሷን ነው፤ ምስሏም እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ የሚወጣባቸው ምስሎች) ሁሉ ቀዳሚው ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ወረቀት በቀጭን የገበታ ጨው ውሃ ተነክሮ ይደርቃል፤ ከዚያ በአንድ ገጹ ሲልቨር ናይትሬት ይቀባል። ሁለቱ ተዋህደው ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናሉ። ስለዚህ መስታወቱ ጥቁር፣ በመካከሉ ያለው ፍርግርግ ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ 200 ገደማ የሚሆኑት የመስታወት ካሬዎች በማጉያ መነጽር ይቆጠሩ እንደነበር ታልቦት ራሳቸው ከሥሩ ጽፈዋል፤ ምስሉ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያኔ ምስሉን ለማጽናት የሚጠቀሙበት ብርቱ የጨው ውሃም ሆነ ፖታሲየም አዮዳይድ መጥቆሩን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቆመውም። ዋናው ወረቀት በብራድፎርድ ሙዚየም ከብርሃን ተከልሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። በሌይኮክ የሚታየው ቅጂው ነው፤ መስኮቷ ግን ያችው ናት።

የገዳሙ ክፍሎችና ባለ ቅስቱ መተላለፊያ የሚከፈቱበት ሰዓት ስለሚለያይ፣ በተለይ በክረምታቸው፣ ከመነሳት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ከቸርች ስትሪት ወርዶ ባይድ ብሩክ የሚባለውን ወንዝ ለማየት ደግሞ ውሃ የማያስገባ ጫማ ይሻላል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው መንገዱን ይሸፍነዋል፣ እግረኛ የሚሻገረው በጎን ባለው ትንሽ ድልድይ ነው።