ባለ 4 ፔኒዋ ቴምብር

ቅዳሜ ዕለት ለንደን ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛኋት። የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ቴምብር ናት፤ ሁለት ተጫዋቾች ኳስ ይሻማሉ። የነደፋት ዴቪድ ጀንትልማን ነው። ጁን 1 ስትወጣ የውድድሩ ስም ብቻ ነበረባት። ጁላይ 30 እንግሊዝ ዌምብሌይ ላይ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች። ፖስታ ቤቱም «ኢንግላንድ ዊነርስ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮ ኦገስት 18 እንደገና አወጣት። የእኔዋ ይቺ ሁለተኛዋ ናት። በአጉሊ መነጽር ሁለቱን ቃላት ደጋግሜ አየኋቸው፤ ደስታው ገና ትኩስ ነው።

የሚገርመው፣ ዋንጫው ራሱ በዚያው ዓመት ማርች 20 የተሰረቀው ከቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ነው! ከሳምንት በኋላ ፒክልስ የሚባል ውሻ ደቡብ ለንደን ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘው።

ማታ ለአባዬ ደወልኩ። «ስንት ለስንት ነበር?» አለኝ። 4 ለ 2፣ በጭማሪ ሰዓት። ዝም አለ። የእኛም የ1954ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እኮ 4 ለ 2 ነው፣ ከግብፅ ጋር፣ በጭማሪ ሰዓት! ከዚያማ ስለዚያ ቡድን ተጫዋቾች፣ ስለ ሉቻኖ እና ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወራ እኩለ ሌሊት አለፈ። ቴምብሯን ለእሱ እልካታለሁ።