ቪትዝ ያለው ሰው ምን ያማርራል?

ባለፈው እሑድ አንድ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለ። መኪናዬ ሥር ተኝቼ አገኘኝ። "ምን እየሠራህ ነው?" አለኝ። "ዝገት ቆርጬ ላሜራ እየበየድኩ" አልኩት። ሳቀብኝ። "እንግሊዝ አገርም ዝገት አለ እንዴ? ደግሞስ ቪትዝ ያለው ሰው ምን ያማርራል?"

አልፈርድበትም። እናንተ ጋ ቪትዝ ማለት ጥሪት ናት። እዚህ ግን ስሟ ያሪስ ነው። የ2003 ሞዴል ናት፤ በ750 ፓውንድ ገዛኋት። ሰውዬው ቁልፉን ሲሰጠኝ "መልካም ዕድል" አለኝ። ያኔ ምርቃት መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር የለ፣ መንገድ ላይ የሚጋገር በረዶ የለ። የአባቶቻችን ቮልስ ዛሬም ዳገቱን እያጓራች የምትወጣው ለዚህ ነው። እዚህ ሼፊልድ ብርዱ ሲመጣ ማታ ማታ አስፋልቱ ላይ ጨው ይበተናል፣ በረዶ እንዳይጋገር። ጨው! እኛ አሞሌ ብለን የተገበያየንበትን ነገር ጎማ ይሄድበታል። እሱ ከውኃው ጋር ከሥር ገብቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ እብጠት ባያችሁ ቀን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ደግሞ ይቺው ከተማ ናት የማይዝግ ብረት የተሠራባት፤ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል የከተማዋ ልጅ በፈረንጆቹ 1913 ነው ያገኘው። ማንኪያቸው አይዝግም፣ መኪናቸው ይዝጋል።

እኔ አገር ቤት ባትላሜራ፣ የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት። ጉራ አይደለም እንጂ (ትንሽ ነው) ከበርሜል ብረት ቀጥቅጬ ፓራፋንጎ አውጥቻለሁ። እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የምደረድረው። ታዲያ ኤም ኦ ቲ የሚሉት የመኪና ምርመራ ደረሰ። የእነሱ ቦሎ በሉት፣ በየዓመቱ ነው። አንድ ጋራዥ ዝገቱን ለመበየድ 600 ፓውንድ ጠራብኝ። ለእኔ? ለባትላሜራው?

ቀዳዳው ከበሩ ሥር ነው፣ ስትገቡ በእግራችሁ የምትሻገሩት ረጅም ብረት ላይ። ሦስት ጣት ያስገባል። የብየዳ ማሽን የለኝም። ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት፣ እስቱኮ (ሲደርቅ የሚጠነክር መድፈኛ) ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለም ነፋሁ። ባለቤቴ ራሷ የቱ ጋ እንደነበረ ጠፋት። እውነቱን ለመናገር፣ አገር ቤትም ደንበኛ ሲቸኩልብኝ እንዲህ አድርጌ የሸኘሁት መኪና አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በቀጠሮው ቀን መርማሪውን "እኔም የሙያው ሰው ነኝ" አልኩት። ምን አናገረኝ! መኪናዋን ወደ ላይ ሰቀለና አንዲት ሚጢጢ መዶሻ አወጣ። ጫፏ ፕላስቲክ ነው፣ የሕፃን መጫወቻ ነው የምትመስለው። ከሥር እየዞረ ይነካካል። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። እኔ የነካሁት ቦታ ሲደርስ፣ ዱፍ። ዞር ብሎ አየኝ። ደገመው። ዱፍ። በሦስተኛው እስቱኮው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረካክሶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። በቀዳዳው ጋዜጣው ብቅ አለ። በሁለት ጣቱ ይዞ ጎተተው። ቢጎትት ቢጎትት አያልቅም። እናቴ ሲኒ ስትልክልኝ የጠቀለለችበት ጋዜጣ ነው።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን መብራቱ ሥር ዘርግቶ "ይህ የምን ጽሑፍ ነው?" አለኝ። እዚህ አገር ስድስት ዓመት ስኖር ስለ ፊደላችን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ለዚህ ጥያቄ ስንት ዘመን ተዘጋጅቻለሁ! የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን ዘመን አቆጣጠር፣ ምኑ ቅጡ። እዚያ ቆሜ ግን ጆሮዬ ጋለ። "አማርኛ" አልኩ በቀጭኑ። "ምን ይላል?" "የጨረታ ማስታወቂያ ነው።" "ሲያምር" ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠው። ከዚያ ውጤቴ ላይ "አደገኛ" ብሎ ሞላ።

የደህንነት ቀበቶው ከታሰረበት በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብረቱ ክፉኛ ከተበላ አያልፍም፤ የእኔ ቀዳዳ እዚያው ነው። እስቱኮም ፋይበርም አይቀበሉም። የሚለጠፈው ላሜራ ዙሪያውን ሳይቋረጥ መበየድ አለበት። "አደገኛ" የተባለን መኪና ነድቶ መውጣት ደግሞ እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ባትላሜራ የነበርኩት ሰውዬ መኪናዬን በተጎታች አስጭኜ ከኋላዋ በአውቶቡስ ሄድኩ። እኛ ጋ መኪናው ጋራዥ ተኝቶ ቦሎው የሚታደስበት ጊዜ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነበር።

ያዳነኝ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው። ሽቦውን ራሱ የሚተፋ፣ በጋዝ የሚሠራ ማሽን አለው። አሠራሩን አልዘረዝርም፣ ዩቲዩብ ሞልቶታል። እኔ የለመድኩት ኤሌክትሮድ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ በዚያ እጅ ስጀምር ቀዳዳውን እጥፍ አደረግኩት። "ነካ አድርግና ሌላ ጋ ሂድ፣ ይብረድ" ይለኛል። ምንጣፍ ካልወጣ፣ ባትሪ ካልተነቀለ፣ የእሳት ማጥፊያ ካልቀረበ አይጀምርም። ከዚያ ሻይ። ሁለት ነጥብ ይበየዳል፣ ሻይ። ገረመኝ እንዳልል፣ እኛ በፀሐይ መነጽር ነበር የምንበይደው። አትሣቁ፣ ዓይኔ ዛሬም ማታ ማታ ይቆጠቁጠኛል።

የጠርዙ እጥፋት ላይ ስንደርስ ግን ሰውዬው ታጥፎ ያለቀለትን ብረት ለማዘዝ ስልኩን አወጣ። "ቆይ" አልኩት። ብረቱን ድንጋይ ላይ አስደግፌ በመዶሻ አጠፍኩለት። የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። "የት ነው የተማርከው?" "መርካቶ።" "ዩኒቨርሲቲ ነው?" "አዎ" አልኩት።

እንግዲህ "ልምጣ ወይ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጽፉልኝ የእጅ ባለሙያዎች፦ ና ብዬ አልጠራም፣ ቅር ብዬም አልመክርም። ግን ከሠራችሁበት ቤት ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ወረቀት ሳትይዙ እንዳትወጡ። እኔ ንቄ ተውኩት፤ ይኸው ካርቶን እደረድራለሁ። አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ማግኔት ኪሳችሁ ይኑር። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ እስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። ምነው የእኔን ደንበኞች አንድ ሰው በነገራቸው!

መኪናዋን መልሼ ስወስዳት ያው መርማሪ ነበር። መዶሻዋን ይዞ ዞረ። ቃ። ደገመው፣ ቃ። አለፈች። ወረቀቴን ልቀበል ቢሮው ስገባ ጋዜጣው ከሻይ ማፍያው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዘቅዝቆ ነው የለጠፈው። ልንገረው አልኩና ተውኩት።