ዜና ላይ ከሌለ ሰላም ነው?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ደወለችልኝ። 19 ዓመቷ ነው። ፓስፖርቷን አውጥታለች፣ ደላላውም ተገኝቷል። «እህታለም፣ ቤይሩት አሁን ሰላም ነው አይደል? ዜና ላይ ከጠፋ ቆየ እኮ» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ይህችው ልጅ ጥቅምት 2014 ላይ ከእናቷ ጋር ማሽላ ውስጥ ተደብቃ ሁለት ሌሊት ያደረች ናት። ያኔ ሐይቅ ዜና ላይ ነበረች እንዴ? እኔ ቤይሩት ቲቪ ስር ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር፣ አንድም ቀን ስሟን አልሰማሁም። ረስታው ነው መሰለኝ። ወይ ደግሞ ሰው ከአገር መውጣት ሲፈልግ የሚያየው መውጫውን ብቻ ነው።

ስለዚህ እሷም ሆነች እንደሷ የምትጠይቁኝ ሁሉ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ የምሠራበት ቤት ዳሂያ ነበር፣ የቤይሩት ደቡቡ ሰፈር። ሳሎን ያለው ቲቪ አይጠፋም። ሊባኖሶች እንደ ዜና የሚወዱት ነገር የለም፤ ቁርስ ላይ ዜና፣ ምሳ ላይ ዜና፣ ማታ እንግዳ ሲመጣ እየተጯጯሁ ዜና። እኔ አረብኛ የምሰማው በጆሮዬ ነው፣ ማንበብ አልችልም። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ የሚያነብልኝ የማዳም ልጅ ነበር። ያኔ 11 ዓመቱ ነው።

አንድ ቀን ወለል ስወለውል «ዲሲ የሚባል አገር አላችሁ?» አለኝ። መወልወያውን ጣልኩት። «ደሴ ነው፣ ምን ይላል?» አልኩት። አነበበልኝ። ታጣቂዎች ደሴን ያዝን ብለዋል፣ መንግሥት አልተያዘችም ብሏል፣ ከተማዋ ስትራቴጂያዊ ናት፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። «ስለ ሰውስ?» አልኩት። እንደገና እስኪዞር ጠብቆ አነበበው። «ስለ ሰው ምንም አልጻፉም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያ ሆነ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት። እያንዳንዱ ከተማ ስሙ ሲጠራ ለአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ይነገራል። እናቴ ያለችበት አገር፣ ሰኞ ገበያ፣ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚኖርበት አገር በቲቪው የመንገድ ምልክት ሆነ። ወደ ዋናው ከተማ ምን ያህል እንደተጠጉ ይነግሩኛል፤ እኔ የምፈልገው ግን እናቴ ዳቦ አግኝታ እንደሁ ማወቅ ነበር።

ስልክ ከአንድ ወር በላይ አልሠራም። እኔ ግን በየቀኑ እደውላለሁ። ያቺን የቴሌ ሴትዮ ድምፅ እስካሁን በህልሜ እሰማታለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመድኩ፦ «ከገለልተኛ ወገን ማጣራት አልተቻለም»። መጀመሪያ በጣም ያናድደኝ ነበር። እንዴት አይቻልም? ሰው እየሞተ እንዴት አይጣራም? በኋላ ነው የገባኝ። ስልኩ ተዘግቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ጋዜጠኛ አይገባም፣ የገቡትም የውጭ ጋዜጠኞች የተባረሩ አሉ። ታዲያ ማን ያጣራ? ስልክ የቆረጠውን ሁሉ እረግማለሁ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን። ሞትን ማረጋገጥ የማይቻል ሲደረግ ሟቹ ሁለተኛ ይሞታል።

የኛ ሰዎች ቻናሎች ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ዩቲዩቡን ስትከፍቺ ሬሳ ነው። ፊቱ እንኳ አይሸፈንም። የማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አይናገሩም። አንዱ የኛ ነው ይላል፣ ሌላው ያንኑ ሬሳ የኛ ነው ይላል። እኔ እናቴን እዚያ ውስጥ ስፈልግ ነበር። የሰው ሬሳ እያገላበጥኩ። ይህን ያደረገ ሰው ያውቀዋል።

ፊት ለፊታችን ካለው ፎቅ ላይ የትግራይ ልጅ ነበረች። በረንዳ ለበረንዳ ልብስ ስናሰጣ ነው የተዋወቅነው። የሷ ቤተሰብ ስልክ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ነው የጠፋው። ሰኔ 15 ቀን ትግራይ ውስጥ ቶጎጋ ገበያ ላይ ቦምብ ሲወድቅ እያለቀሰች የነገረችኝ እሷ ናት፤ ብዙ ሰው ሞቷል፣ የቆሰሉትን ሊያነሳ የሄደ አምቡላንስ መንገድ ላይ ተመልሷል አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እኔ ውስጤ «ማን ያውቃል» ብሏል። የማምነው ቻናል አልነገረኝማ። በኋላ ወሎ ተራው ሲደርሰው እኔም እሷን ዘጋኋት። ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ስትወጣ ገባሁ። አንድ ቀን ዝናብ መጣ፣ ልብሴ ውጭ ነው፣ ልሰበስብ ስወጣ ከወዲያ ጮኸች፦ «እናትሽን አገኘሻት?» ከዚያ ሁሉ ዜና ውስጥ ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ቆቦ ከተማ ደግሞ አጎቴ ይኖር ነበር፣ የእናቴ ወንድም። ጳጉሜ 4 ቀን 2013፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የትግራይ ተዋጊዎች ቆቦ ላይ 23 ሰው እንደረሸኑ ሂዩማን ራይትስ ዎች አወጣ። ያወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አንዲት እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ አነበበችልኝ። ስም ፈለግኩ። አጎቴን አላገኘሁትም። ተመስገን አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ፤ 23 ሰው ሞቶ ተመስገን ይባላል?

ስልክ ሲከፈት እናቴን «አጎቴስ?» አልኳት። «ደኅና ነው፣ ገበያ ሄዷል» አለችኝ። በሌላ ጊዜ ደወልኩ፣ ገበያ ነው። ሌላም ጊዜ ገበያ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አጎቴ ከገበያ አልተመለሰም። ለካ በዚያው ሰሞን ሞቷል። ሰደቃው ወጥቷል፣ ቅሬው፣ የኛ እድር ማለት ነው፣ ተሰብስቦ አልቅሷል፣ የጎረቤት ክርስቲያኖች ሳይቀሩ ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። እኔ ብቻ አልሰማሁም። «በሰው አገር ብቻሽን ትደነግጫለሽ ብለን ነው» አሉኝ። የኛ ሰው መርዶ ሲያረዳ ሌሊት ተነስቶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው፤ ያንን ወግ እወደዋለሁ። ውጭ ላለ ሰው ግን ይህ መደበቅ ይገድላል። ዜናው ቁጥር ይነግርሻል፣ ስም አይነግርሽም። ቤተሰብ ስሙን ያውቃል፣ አይነግርሽም። በሁለቱ መካከል አንቺ ብቻሽን ወለል ትወለውያለሽ።

ማዳምን «አጎቴ ሞተ» አልኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፣ አቅፋኛለች። «በረሃብ ነው?» አለችኝ። በጦርነት ነው አልኳት። «አገራችሁ ጦርነት አለ እንዴ?» አለች፣ ያ ሁሉ ዜና ሳሎኗ ውስጥ ሲሮጥ ከርሞ።

አልፈርድባትም። ዓለም ወሎን የሚያውቃት በረሃብ ነው። ጥቅምት 1966 ላይ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገባ፣ ንጉሡን እስከማውረድ የደረሰ ነገር አመጣ። ጥቅምት 1977 ላይ ቢቢሲ ኮረም ገባ፣ ያኔ ኮረም የወሎ ክፍለ ሀገር ናት፣ ዓለም አለቀሰ። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ እንኳ ንጉሡ እዚያ ስለነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች አብረዋቸው ነበሩ፣ ቀይ መስቀል ያለበት ሆስፒታል መመታቱን ለዓለም ጻፉ። የታሪክ መምህራችን ነበር የነገረን። ካሜራ ወሎን አያውቃትም አይባልም። የተራበ ወሎዬ ያውቃል። የተረሸነ ወሎዬ፣ የተደፈረች ወሎዬ፣ ማሽላ ውስጥ ያደረች ልጅ ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ቤይሩት ልምጣ።

መስከረም 13 ቀን 2017 እስራኤል ሊባኖስን በኃይል መደብደብ ጀመረች። ያን ቀን ብቻ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ ማዳምና ሚስተር ልጆቹን ይዘው ወደ ተራራው ሄዱ። «ቤቱን ጠብቂ፣ እንመለሳለን» አሉኝ። ያ ያነበበልኝ ልጅ መኪና ውስጥ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብልኝ አስታውሳለሁ፣ ጉንጩ እርጥብ ነበር። ፓስፖርቴ ሚስተር ጋ ነው። ዓርብ ማታ መስከረም 17 መሬቱ ተነሳ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ፎቁ እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። በነጠላ ጫማ ወረድኩ። የትግራይዋ ልጅ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እሷንም ትተዋት ሄደዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ አንድ ፌስታል ይዘን፣ እስከ ባሕሩ ዳር በእግራችን ሄድን።

እዚያ ሕዝብ ተኝቷል። መጠለያ ስንጠይቅ ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው አሉን። ይህን ያሉት ለኛ ብቻ አይደለም፣ ያን ሰሞን የብዙ አገር ሠራተኛ ተመልሷል።

ጠዋት ላይ የቲቪ ሰዎች መጡ። ሰማያዊ ሰደሪያ የለበሰች ወጣት ጋዜጠኛና አንድ ካሜራ ያዥ። ከአጠገባችን ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ የሊባኖስ ቤተሰብ ነበር፣ እናትና አራት ልጆች። ጣቢያው አገራችን የሚታይ ጣቢያ ነው። እኔ ልቤ ዘለለ። እናቴ ታየኛለች ብዬ። ፊቴን በውሃ አበስኩ፣ ሻሼን አስተካከልኩ፣ ጓደኛዬም ፀጉሯን ሰበሰበች። ምንም ለመናገር አልፈለግንም፣ መታየት ብቻ። በሕይወት አለሁ ለማለት።

ካሜራ ያዡ አየን። ከዚያ በእጁ እንዲህ አደረገ፣ ዶሮ ከእህል ላይ እንደሚያባርር ሰው። «ያላ፣ ያላ፣ ለሁኒክ» አለ። ወዲያ ሂዱ ማለት ነው። ተነሳን። ፌስታላችንን ይዘን አሥር እርምጃ ያህል ሄደን ከካሜራው ጀርባ ቆምን።

እዚያ ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። ጋዜጠኛዋ ተንበርክካ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጠየቀች። አራቱንም። ትንሹ ስሙን ሲናገር አፈረ፣ ደግማ ጠየቀችው። ደስ አለኝ፣ ወላሂ ደስ አለኝ፣ ሰው እንዲህ ነው የሚጠየቀው። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ከእናቴ ቤት ወጥቼ፣ የሰው ልጅ አሳድጌ፣ የሰው ቤት ጠብቄ፣ በቦምብ መካከል እንኳ ምስሉን የማበላሽ ሆንኩ።

በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበለን። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አንድ አዳራሽ ተኛን። ሌላው ይገረም ነበር፣ እኛ ወሎዎች ምን ይገርመናል። እዚያ አንዲት ልጅ ደብተር አወጣች። የሁላችንን ስም ከነአባት፣ ወረዳ፣ የእናት ስልክ ጻፈች። ብንሞት ማን እንደሆንን እንዲታወቅ።

አንቺ የአክስቴ ልጅ፣ አትምጪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፣ እኔንም ብለውኝ አልሰማሁም። ቤይሩት ሰላም ናት ወይ ላልሽኝ፣ ተኩስ አቁም ከተባለ ከኅዳር 18 ቀን 2017 በኋላም ደቡቡ መመታቱን አላቆመም። ዜናው ነው የሰለቸው። አገር ቤትም ያው ነው፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስንት ነገር እንዳለፈ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከመጣሽ ግን ፓስፖርትሽን ፎቶ አንስተሽ እናትሽ ጋ ተይ። የእናትሽን ቁጥር በቃልሽ ያዢ፣ ስልኩ ሲዘጋ ወይ ሲቀማ የሚቀርሽ እሱ ነው። የምትሠሪበትን ሰፈር ስም በደንብ ተማሪና ለቤት ላኪ፤ «ቤይሩት» ብቻ አይበቃም። ማንበብ የሚችል ሰው ተጠጊ። በረንዳ ላይ ካለችው ልጅ ጋር፣ ከየትም ትምጣ፣ አትኳረፊ።

ደግሞ እናትሽን ጠይቂያት። እኔ በተዋስኩት ስልክ እናቴን ያገኘኋት በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ሦስት ቀን የቅሬው ሴቶች ቲቪ ያለበት ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ነበር። እናቴ ከስክሪኑ ሥር አልተነሳችም። «ፈለግኩሽ፣ ፈለግኩሽ፣ የኛን ሰው አያሳዩም» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ግን እናትሽ አንዲት ልጅ ከጀርባዋ አየሁ ብላ ጮኸች። ከሕዝቡ ኋላ ቆማ፣ ነጠላ አጣፍታ፣ ባሕሩን የምታይ። እሷ ናት፣ አረማመዷም የሷ ነው አለች። ቤቱ ሙሉ እልል አለ። እናቴም ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔ ነጠላ አልያዝኩም ነበር። ለእናቴ ግን እስከዛሬ አልነገርኳትም።