«ማንን አይተው ነው?» የሰው ልጅ እድገትንና ቤተሰብን ያጠናሁበት መንገድ

የምማረውን ስናገር የሚመጣልኝ ምላሽ ከሁለት አያልፍም ነበር። አንደኛው «ያው ሥነ ልቦና ማለት ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይቆነጥጣል፤ «ልጅ ማሳደግን ለመማር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?» ይላል። ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው። ሥነ ልቦና በዋናነት በሰውየው ውስጥ የሚሆነውን ይከተላል፤ የእኛ ትምህርት ደግሞ ሰውየውን ከእናቱ፣ ከእህቱ፣ ከአባቱ የሥራ ሰዓትና ከተወለደበት ዘመን ሳይነጥል ከፅንስ እስከ እርጅና ይከተለዋል። ሁለተኛው ግን ሳያውቀው የትምህርቱን ዋና ችግር ይነካል። ኬሚስትሪ ለመማር የገባ ተማሪ ስለ ሶዲየም ከዘመድ የወረሰው አቋም የለውም። እኛ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ግን አንድ ቤት ውስጥ ያደገ ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ እናት፣ ስለ ፍቺና ስለ ቅጣት ያለቀለት ሐሳብ ይዞ ይመጣል። እኔም ይዤ ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች ይህን አቋም ብዙም አይነቀንቁትም። የሚበዛው ስምና ደረጃ ነው፤ የዣን ፒያዤ አራት የአስተሳሰብ እድገት ደረጃዎች፣ የኤሪክ ኤሪክሰን ከልደት እስከ እርጅና የሚዘልቁ ስምንት ደረጃዎች፣ ዩሪ ብሮንፈንብሬነር ልጁን መሐል አድርጎ ከቤተሰብ እስከ ማኅበረሰብ በዙሪያው የደረደራቸው ክቦች። ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያልፋል። እኔን ከሽምደዳ ያወጣኝ፣ ተማሪ የንድፈ ሐሳብ ስም በጠራ ቁጥር አንድ መምህራችን የሚሰነዝሩት ጥያቄ ነው፤ «ማንን አይተው ነው?» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ያበሳጨን ነበር። ቆይቼ ግን ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ ወገን ንድፈ ሐሳቡን እጽፋለሁ፤ በሌላው ማን እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደነበር፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ዘዴ። ከዲግሪው የቀረልኝ አብዛኛው ነገር ያለው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው።

ፒያዤን እንውሰድ። ስለ ሕፃናት አእምሮ የጻፋቸው መሠረታዊ ሥራዎች በዋናነት የተገነቡት ሦስት የገዛ ልጆቹን በማየት ነው። ሦስት ልጅ ብቻ ሲባል ተማሪ ይስቃል። ነገር ግን መጫወቻውን በጨርቅ እየሸፈነ፣ የሕፃኑ እጅ ወዴት እንደሚሄድ በየጊዜው እየተከታተለ የመዘገበውን ዝርዝር ሺህ መጠይቅ አያመጣውም። ስምንት ወር ገደማ ያልሞላው ሕፃን የተሸፈነውን ነገር ስለማይፈልገው፣ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሬኔ ባያርዦንና ባልደረቦቿ ጨርቁን ትተው ዓይንን መለኩ። የአምስት ወር ሕፃናት ፊት አንድ መከለያ ቀጥ ይላል፤ ከኋላው ሣጥን አለ። መከለያው ወደ ኋላ ሲጋደም ሣጥኑ ሊያግደው ሲገባ፣ ምንም እንደሌለ ሁሉ አልፎ ሲተኛ ያዩ ሕፃናት ረዘም ላለ ጊዜ አፈጠጡ። ያልጠበቁት ነገር ሆኖባቸዋል ማለት ነው። በፒያዤ ሙከራ ሕፃኑ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን መግፈፍ አለበት። በዚህኛው ማየት ይበቃዋል። የተጠየቀበት መንገድ ሲቀየር ዕድሜውም ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ «ልጆች በዚህ ዕድሜ ይህን አይችሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቀድሜ የምገልጠው ዘዴው የተጻፈበትን ገጽ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየኝ የቁርኝት፣ ማለትም ሕፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋር የሚፈጥረው ትስስር፣ ጥናት ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ በአሜሪካ ባልቲሞር ያዘጋጀችው ፈተና ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እናትና አንድ ዓመት የሞላው ልጅ መጫወቻ ወዳለበት ክፍል ይገባሉ፤ የማያውቁት ሰው ይመጣል፤ እናት ትወጣለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትወጣለች፤ እንደገና ትመለሳለች። ቪዲዮውን በክፍል ስናይ ሁላችንም እናትየው ስትወጣ ልጁ ማልቀስ አለማልቀሱን እንከታተል ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን ስትመለስ የሚሆነው ነው። ሄዶ ይጠጋታል? ፊቱን ያዞራል? ወይስ እየተጠጋ እየገፋት፣ ታቅፎም ሳይረጋጋ ይቀራል? ሲያለቅስ ቆይቶ እቅፏ ውስጥ ተረጋግቶ ወደ መጫወቻው የሚመለሰው ልጅ ደኅና ነው። አጥኚዎቹ ጥያቄ የሚያነሱበት፣ እናቱ ስትገባ ቀና ሳይል መጫወቻውን በጸጥታ የሚያገላብጠውን ልጅ ነው። «ጨዋ ልጅ፣ አያስቸግርም» የምንለውን ማለት ነው።

በደብተሬ ሁለተኛ ወገን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ኤንስወርዝ ባልቲሞር ከመድረሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። የሃያ ደቂቃው ፈተና ያን ሁሉ የቤት ምልከታ ከኋላው ይዞ ነው የመጣው። ያለ እርሱ ተነጥሎ ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ የሚሆነውንም አየን፤ በሰሜን ጀርመን ፊታቸውን የሚያዞሩ ሕፃናት በዙ፤ በጃፓን ሳፖሮ ደግሞ ታቅፈው የማይረጋጉት በዙ። የሳፖሮዎቹ ሕፃናት ከእናታቸው ተለይተው የማያውቁ ስለነበሩ፣ ለባልቲሞሩ ሕፃን መጠነኛ የሆነው ጭንቀት ለእነርሱ ከባድ ሆኖ ሊሆን ይችላል የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። ክፍሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ደቂቃው አንድ ዓይነት ነው፤ ሕፃኑ የሚፈተነው ፈተና ግን አንድ አልሆነም።

በአደባባይ በጣም የሚወራው የጣፋጩ ሙከራም በዚሁ መንገድ ነው መልኩ የተለወጠብኝ። ዋልተር ሚሼል «አሁን አንዱን ብላ፣ ከታገስክ ግን ሁለት ታገኛለህ» ብሎ የፈተናቸው ልጆች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መዋለ ሕፃናት የሚማሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ እጅግ ሰፋ ባለና በተለያየ ናሙና ደግመው ሲያዩት፣ በልጅነት ትዕግሥትና በኋላ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና በግማሽ ያህል አነሰ፤ የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ ቀደምት የማሰብ ችሎታ ከግምት ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ሟሸሸ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ትዕግሥት የሚሰጡ የማነቃቂያ ንግግሮችን መስማት ያስቸግረኛል።

ስለ ወላጅነት ዘይቤ ስንማርም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የለየቻቸው ሦስቱ የወላጅነት ዓይነቶች በፈተና ላይ የማይቀሩ ናቸው፤ ጥብቅና ሞቅ ያለው፣ ጥብቅና ቀዝቃዛው፣ ልቅ የሆነው። ቀላል ስለሆኑ ሰው ወዲያው ጎረቤቱን ይመድብባቸዋል። ሪቻርድ ቤል ግን እ.ኤ.አ. በ1968 የማይመች ጥያቄ አነሣ፤ የሚጮህ ወላጅ ያለው ልጅ አስቸጋሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ልጁን ያበላሸው ጩኸቱ ነው ወይስ ወላጁን ያስጮኸው የልጁ ጠባይ? በአንድ ጊዜ የተሞላ መጠይቅ ይህን አይለይም። ስታቲስቲክስን ወደ መጨረሻው ዓመት መግፋት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ጥያቄ በሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ተማሪዎቹ የሚይዙበት እጅ የላቸውም። እኔ ፈርቼውም ቢሆን ቀድሜ ወሰድኩት፤ ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ምልከታው። ከትምህርት ክፍላችን ጋር የተያያዘ መዋለ ሕፃናት ነበር፤ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። ወረቀቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ «ያየሁት» እና «ያሰብኩት»። በመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ የስሜት ቃል አይጻፍም፤ «ምክንያቱም» አይጻፍም፤ «ሁልጊዜ» አይጻፍም። ከመዝገቤ አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ሦስት የእንጨት ብሎኮች ደርባለች። ሰማያዊ ጫማ ያደረገው ልጅ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ከወለሉ አንድ ብሎክ ያነሳል። ያያታል። አታየውም። ብሎኩን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ቀና ትላለች። ይዘረጋላታል። ትቀበለዋለች፤ ትደርበዋለች። ዓይኗን ከብሎኮቹ ሳታነሳ ባዶ መዳፏን ወደ እርሱ ትዘረጋለች። ሌላ ያመጣል።»

በሁለተኛው ዓምድ ጓደኛዬ «ዓይን አፋር ነው» ብላ ጻፈች፤ እኔ «ጨዋታ ውስጥ መግባት ያውቅበታል» ብዬ ጻፍኩ። ተከራከርን። ክርክሩ የተቻለው ግን ሁለታችንም ያ ሁለት ጊዜ የተንኳኳ ብሎክ ወረቀታችን ላይ ስለነበረ ነው። ከመጀመሪያው «ዓይን አፋር» ብሎ የጻፈ ሰው ማንኳኳቱን አይጽፈውም፤ አስፈላጊ አይመስለውም። ያለ ምንም ቃል ሥራ ተጠይቆ፣ ሥራ ተሰጥቶ፣ ሁለት ሰው አብሮ መሥራት ሲጀምር ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ሁለቱም አራት ዓመት ገደማ ናቸው።

የቤተሰብ ሳይንሱ ክፍል ከዚህ ይከብዳል፤ የቤተሰብን የዕለት ኑሮ ከመስታወት ኋላ ማየት አይቻልማ። አንዱ መሣሪያ ጄኖግራም የሚባለው የቤተሰብ ሥዕል ነው፤ ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይሣላል፤ ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ፣ ፍቺ በሁለት ጭረት፣ ጠብ በዚግዛግ መስመር። የራሳችንን እንድንሠራ ታዘዝን። ከአክስቴ በላይ ቤተሰቡን የሚያውቅ ስለሌለ ወረቀቱን ዘርግቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። በሁለት አጎቶቼ መካከል ዚግዛጉን ሳሰምር ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ይህን አጥፊው» አሉኝ።

«ተጣልተዋል እኮ፣ እትዬ።»

«መች ተጣሉ? አይነጋገሩም እንጂ አልተጣሉም።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አጠፋሁት። መጽሐፉን ስገልጥ ግን እርሳቸው ትክክል ነበሩ። ለጠብ ዚግዛግ አለ፤ ለተቋረጠ ግንኙነት ደግሞ መሐሉ የተቆረጠ ሌላ መስመር አለ፤ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያው መሪ ቦወን በቤተሰብ ንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ለመቋረጥ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። የሚጣሉ ሰዎች በየዕለቱ ይገናኛሉ፤ ይጯጯሃሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው ያውቃል። የተቋረጡት ግን እነሆ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ በዚያ ጸጥታ ዙሪያ መራመድ ይማራል። አክስቴ ይህን ያወቁት ዕድሜ ልካቸውን ሁለቱ በማይገናኙበት ሰዓት እየጠሯቸው ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው፣ ድንበሩ ያልታወቀ ማጣት የምትለው ነገር እስካሁን አብሮኝ አለ። በጦርነት የጠፋ፣ ሞቱም ሕይወቱም ያልተረጋገጠ ሰው ያላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ አካሉ የለም፣ እርሱ ግን ከቤቱ አልወጣም። በተቃራኒው የመርሳት ሕመም የያዘው አባት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያውቁት ሰው ግን የለም። ለሁለቱም ሐዘን መቀመጫ ጊዜ የለውም። «ቤተሰብህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእነዚህ ሰዎች ቀላል እንዳልሆነ ከተረዳሁ በኋላ በቃለ መጠይቅ ላይ ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ «እስቲ ስለ ቤተሰብዎ ይንገሩኝ» ማለት ጀመርኩ። የሚቆጠሩትን ራሳቸው ይቆጥራሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሁሉም ተማሪ ዘመዶቹን መመርመር ይጀምራል። ወንድሙ ጭንቀታም ቁርኝት ያለው ይሆናል፤ እናቱ ልቅ ወላጅ፤ የፍቅር ጓደኛው ከኤሪክሰን ስድስተኛ ደረጃ፣ ከሰው ጋር ከመቀራረቡ ደረጃ፣ የቀረ። ያልፋል፤ እስኪያልፍ ግን ወደ ቤት ስልክ ሲደወል ስለ አየሩ ማውራት ይሻላል።

የመመረቂያ ጥናቴ ትንሽ ነበር፤ ወላጆች ማታ ልጃቸውን ከመዋለ ሕፃናት ሲረከቡ በሩ ላይ ምን እንደሚባባሉ ነው ያየሁት። ትንሽ በመሆኑ አልተጸጸትኩም፤ «የፍቺ ተጽዕኖ በልጆች ላይ» ብለው የተነሡ ጓደኞቼ ገና ርዕሳቸውን ሲያጠቡ እኔ መመዝገብ ጀምሬ ነበር። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከወላጅ ፊርማ ሌላ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ልጁ ራሱን ቢነቀንቅስ? ወላጁ ቢፈቅድም ልጁ እምቢ ካለ መዝገቡ ይዘጋል ብዬ ጽፌ አለፈልኝ። በኋላ አንዲት ልጅ መጥታ ደብተሬን በመዳፏ ሸፈነችው፤ የእርሷን ገጽ ተውኩት።

ሥራን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ወደ መዋለ ሕፃናት፣ ወደ ቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎት፣ ወደ አረጋውያን እንክብካቤና ወደ ምርምር ረዳትነት ያስገባል። የቤተሰብ ቴራፒስት ግን አያደርግም፤ ለዚያ ተጨማሪ ዲግሪ፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ረጅም ልምምድና በብዙ ቦታ የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን በሦስተኛው ዓመት ሰምተው የደነገጡ ተማሪዎች አውቃለሁ። ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ክፍሉን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ የተግባር ልምምዱ ከማን ጋር ነው፣ ከሕፃናት ሌላ አዛውንቶችንስ ያካትታል ወይ፣ የተማሪውን የምልከታ መዝገብ ቁጭ ብሎ አብሮት የሚያነብ መምህር አለ ወይ። የመጨረሻው «የለም» ከሆነ፣ እኔ ብሆን ሌላ ዩኒቨርሲቲ እፈልጋለሁ።