«መጫወቻ» የሚለውን ቃል ሳስረዳ የተሳሳትኩባት አንዲት መስመር

ለንባብ ሳምንት የልጆች መጫወቻዎች ዐውደ ርእይ እንዳዘጋጅ ትምህርት ቤቱ ሲያዘኝ የሚያስቸግረው ዕቃ ማሰባሰቡ መስሎኝ ነበር። እሱ በ3 ቀን አለቀ። ልጆቹ የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ከጭቃ የተሠሩ ላሞችና የእቃቃ ድስቶች አመጡ፤ ደረደርናቸው፤ ስማቸውን በካርቶን ላይ ጻፍን። መከራዬን ያሳየኝ በመግቢያው ላይ የሚሰቀለው፣ «መጫወቻ» ምን ማለት እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሰጠው መምህር እንደኔ እንዳይሆን ብዬ እነግራችኋለሁ።

የቃሉን አሠራር ማስረዳት አልከበደኝም። ከመክፈት መክፈቻ፣ ከመቁረጥ መቁረጫ እንደሚወጣ ሁሉ ከመጫወትም መጫወቻ ይወጣል። የሚጫወቱበት ዕቃም ነው፣ የሚጫወቱበት ቦታም ነው።

ትርጉሙን ስጽፍማ ደስ እያለኝ ነበር። እናቴ እንግዳ ሲመጣባት እኛን «ውጡና ተጫወቱ» ትለናለች፤ ዞር ብላ ደግሞ እንግዳውን «ይጫወቱ እንጂ» ትላለች። እኛ ኳሳችንን ይዘን እንወጣለን፣ እንግዳው ስኒውን ይዞ ወጉን ይቀጥላል። ግሡ አንድ ነው። ክራር የሚመታም ይጫወታል። በሰው ላይ ሲውል ግን ቃሉ ይመራል፤ «መጫወቻ አደረገኝ» የሚል ሰው አንጀቱ ያረረ ሰው ነው።

ጽሑፉን እንዲያጸድቁ የተመደቡት ባለሙያ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው «መጫወቻ» የሚለው ሁሉ «አሻንጉሊት» ይባል የሚል ነበር። ይህን እንቢ አልኩ፤ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። አሻንጉሊት ስንል መጀመሪያ የሚታየን የሰው ወይም የእንስሳ መልክ ያለው ነገር ነው። ብይ እንዴት አሻንጉሊት ይባላል?

ሁለተኛው ትእዛዝ ነው ያቃጠለኝ። «ሥርወ ቃሉ ካልተገለጸ አይጸድቅም» አሉ። ለማተም የቀረው 1 ቀን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ትዝ አለኝና «ጨዋታ ጨዋ ከሚለው ቃል የመጣ ይመስላል፤ ጨዋ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወጉት ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ «ይመስላል» የሚለውን ሰርዘው «ነው» አደረጉት። አየሁ። እርግጠኛ እንዳልሆንኩ እያወቅሁ ዝም አልኩ። እሳቸውን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም፤ ራሴንም እንዲሁ።

ባለ 2 ሜትሩ ባነር ተሰቀለ። ተማሪዎቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት የትግራይ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኛ ጸወታ ነው የምንለው። መጫወቻውንም መጻወቲ እንለዋለን። እናንተ ጨለማ የምትሉትን እኛ ጸልማት እንላለን፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጨዋ ከምን ገባ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ቃሉን ጮክ ብዬ ማርባት ጀመርኩ፦ ተጫወተ፣ ይጫወታል፣ መጫወት። «ት»ዋ ከየትም አትጠፋም፤ እንደ «ተጫዋች»ና «መጫወቻ» ባሉት ላይ ግን «ች» ትሆናለች። ከዚያ «ደስታ»ን አነሣሁ፦ ደስ አለው፣ ደስ ይለዋል። እዚህ «ታ» ወዲያው ወደቀች፤ ቅጥያ ስለሆነች ነው። የጨዋታ «ት» ግን የሥሩ ፊደል ናት፤ በትግርኛውም «ጸወታ» ውስጥ አለች። «ጨዋ» ደግሞ ይህች ፊደል ጭራሽ የለችውም። ባነሩ ከመታተሙ በፊት 5 ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ ይህን ሁሉ ራሴ እደርስበት ነበር።

የቃል ምንጭ ስትፈልጉ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ክፈቱ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ቃሉን አርቡት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ቋንቋ የሚናገር ሰው ጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ብዙዎቹ መዝገበ ቃላት ቃሉን በግሡ ሥር ስለሚያስቀምጡት መጫወቻን በ«መ» ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ወደ «ጨ» ሂዱ። አጽዳቂው «ይመስላል»ን ሲሰርዝባችሁ ግን መስመሯን በሙሉ አስወጧት፤ ዐውደ ርእዩ ቢዘገይም ይዘግይ።

በማግሥቱ ባነሩን ላስተካክል ብጠይቅ «አንዴ የጸደቀ አይነካም» ተባልኩ። ነጭ ወረቀት ቆርጬ በመስመሯ ላይ ለጠፍኩባት፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ከዚያ በየክፍሉ እየዞርኩ ደብተሮቹን አንድ በአንድ አሳረምኩ፤ 2 ሳምንት ፈጀብኝ። የአንዲት ልጅ ደብተር ብቻ ቀረኝ፤ በመሀል ትምህርት ቤት ቀይራ ሄዳለች።