«አርባ አምስት ስጠኝ» ያሉኝ አዛውንት

ላስ ቬጋስ ውስጥ የጦር መሣሪያ በሚሸጥበትና ተኩስ በሚለማመዱበት ቤት ተቀጥሬ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። ሰባ ዓመት የዘለሉ አዛውንት በፎጣ የጠቀለሉትን ሪቮልቨር (ጥይት የሚጎርሰው በሚሽከረከር ባለ ቀዳዳ ሲሊንደር የሆነ ሽጉጥ) ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ለዚህ አርባ አምስት ጥይት ስጠኝ» አሉኝ። ከአያታቸው የወረሱት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 1917 ነው። እጀታው ሥር የማንጠልጠያ ቀለበት አለው፤ በርሜሉ ላይ ከፋብሪካው ስም ቀጥሎ 45 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። አርባ አምስት የጥይቱ ውፍረት (0.45 ኢንች) ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም፤ በዚህ ውፍረት ደግሞ ከአንድ በላይ የጥይት ዓይነት አለ። ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ለእኔም የበቃኝ መስሎኝ ነበር።

ሪቮልቨር ስለሆነ መጀመሪያ ያወጣሁላቸው 45 ኮልት የሚባለውን ጥይት ነው፤ ከ1873 ጀምሮ ያለውን፣ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ ያለውን። ጥይቱ ጥቂት ገባ ብሎ ቀጥ አለ። የኮልቱ ቀለህ ከ32 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የዚያ መሣሪያ ቀዳዳ የተሠራው ግን 23 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ቀለህ ነው። መለስኩትና 45 ኤሲፒ የሚባለውን፣ አጠር ያለውን ሌላ ጥይት አመጣሁ። ስድስቱም ሸርተት ብለው ገቡ፣ ሲሊንደሩም ተዘጋ። ደስ ብሎኝ ሸጥኩላቸው። መግባቱን አየሁ፤ እንዴት እንደሚወጣ አልጠየቅሁም።

በመስታወቱ ውስጥ አያቸው ነበር። አምስት ጊዜ ተኮሱ። ስድስተኛው ቀጭ ብሎ ከሸፈ። ወዲያው ሲሊንደሩን ከፍተው ባዶ ቀለህ የሚያስወጣውን ዘንግ ገፉ። ኮከብ መሳዩ ማውጫ ባዶውን ብቅ አለ፤ ቀለሆቹ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። ደግመው ገፉ። ያው ነው። ከዚያ ሊያሳዩኝ ብለው መሣሪያውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። አጠገባቸው አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ካዝናዋን ትሞላለች።

የተኩስ ተቆጣጣሪው ደርሶ ክንዳቸውን በቀስታ ይዞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው መለሰው። አልጮኸባቸውም። ያ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ጥይት ሲከሽፍ ቢያንስ 30 ሴኮንድ አፈሙዝን ወደ ዒላማ አድርጎ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ መክፈት ነው ደንቡ። ይህን ሲሸጥላቸው መናገር የነበረበት ሰው እኔ ነበርኩ። ኋላ ተቆጣጣሪው ከሲሊንደሩ ፊት በኩል በቀጭን የእንጨት ዘንግ አንድ በአንድ ገፍቶ አወጣቸው፤ አምስት ባዶና አንድ ሙሉ። የሙሉው ካፕሱል (ቂጡ ላይ ያለው፣ መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) መሐል ላይ ጥፍር የነካው የሚመስል ስስ ጭረት ብቻ ነበረበት። ያን ጥይት ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

የቤታችን መሣሪያ ጠጋኝ ማታ ጠራኝና ሁለት ጥይት መዳፌ ላይ አኖረ። «ዓይንህን ጨፍነህ በጥፍርህ ዳብሳቸው» አለኝ። የአንዱ ቂጥ ከአካሉ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፣ ጥፍር ይይዛል። የሌላኛው ቂጥ ከአካሉ እኩል ነው፤ ከበላዩ ቦይ ተቆፍሯል። ያኔ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የነበረው የውጅግራ ቀለህ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን የምንይዘው በዚያ ሰፊ ከንፈሩ ነበር። ለካ ከንፈሩ ሥራ ነበረው፦ ጥይቱ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል፣ ሲወጣ ደግሞ ማውጫው የሚጨብጠው እሱን ነው።

45 ኤሲፒ የተሠራው ካዝና ላለው ሽጉጥ ነው። ካዝና ውስጥ ጠርዝ ከጠርዝ ይጠላለፋልና ጠርዝ አያስፈልገውም። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ካዝና ያለው የሠራዊቱ 1911 ሽጉጥ ለሁሉም አልዳረስ ስላለ፣ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይህንኑ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር ከ300 ሺህ በላይ አመረቱ። ጠርዝ የሌለውን ጥይት ከሪቮልቨር ያስማማችው ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ስስ ብረት ናት። በቀለሁ ቦይ ገብታ ሦስት ጥይት ትይዛለች፤ ሁለቷ አንድ ሲሊንደር ይሞላሉ። ማውጫው የሚገፋው እሷን ነው። ጥይቱንም ወደ ኋላ ይዛ መርፌው አጥብቆ እንዲመታው ታደርጋለች። እኔ ያለ እሷ ነበር የሸጥኩት። ያለ እሷ ጥይቱ የሚቆመው ቀዳዳው ውስጥ ባለች ትንሽ እርከን ላይ በቀለሁ አፍ ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ኮልት 1917ዎች ደግሞ እርከኗም የለቻቸውም። (ነጠላ ነጠላ በዘንግ ከፊት የሚገፋባቸው፣ እንደ ሩገር ብላክሆክ ያሉት፣ ሌላ ናቸው። ኮከብ ማውጫ ስለሌላቸው ለኤሲፒ የተሠራው ሲሊንደር ከተገጠመላቸው ያለ ጠርዝ ይሠራሉ።)

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ በብረቷ ከመጠቀምና ጠርዝ ያለው ጥይት ከመግዛት የትኛው ይሻላል ብሎ ቢጠይቀኝ እጁን አያለሁ። ለፍጥነት ስድስቱን በአንዴ የሚይዘውን ሙሉ ጨረቃ የሚባለውን ብረት የሚያህለው የለም። አሜሪካዊው የሪቮልቨር ተኳሽ ጄሪ ሚኩሌክ በ1999 ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ ስድስት ደግሞ 12ቱን በ2.99 ሴኮንድ የጨረሰው በእሱ ነው። ግን ብረቷ ትንሽ ከተጣመመች ሲሊንደሩ ይጎተታል፣ ጥይቱም ይከሽፋል፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር የሚይዟትን ሰዎች ሳይ አዝናለሁ። ባዶ ቀለህ ከእሷ መፈልቀቅም ጣትን ያማል።

ለእኚያ አዛውንት ጠጋኙ የመረጠላቸው 45 ኦቶ ሪም ነው። በ1920 ፒተርስ የተባለው ጥይት ፋብሪካ ለእነዚሁ መሣሪያዎች ብሎ ያወጣው፣ ጠርዙ የብረቷን ቦታ ጭምር እንዲሞላ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ የተሠራ ጥይት። ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። እሳቸው ግን በዓመት ሁለት ሣጥን ቢጨርሱ ነው፣ ጣቶቻቸውም በቁርጥማት ተቆላምመዋል።

ሣጥኑ ሲደርስ ደወልኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ አብሬያቸው ገባሁ። ስድስቱን ተኮሱ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዘንጉን አንዴ መቱት። ስድስቱ ቀለህ ሲሚንቶው ላይ እየተንኳኩ ተበተኑ። ሌላ ስድስት ለማጉረስ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ።