«ታሪካዊ» ስንል የትኛውን ነው?

«ታሪካዊ» የሚለው ቃላችን ሆደ ሰፊ ነው፤ አሮጌውንም ታላቁንም አንድ ላይ ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ለያይቶታል። ሂስቶሪካል ያለፈ ዘመን የሆነውን ወይም ታሪክን የሚመለከተውን ሁሉ ይላል፤ ነገሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለውም። ሂስቶሪክ የሚባለው በታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የያዘ፣ ከእሱ በኋላ ነገር እንደ ድሮው ያልቀጠለ ነው። ዛሬ ጠዋት የተፈጸመ ነገር እንኳ ሂስቶሪክ ሊሆን ይችላል። ያለፈ ዘመን ነገር በሚለው ትርጉሙ ሂስቶሪካል ለመሆን ግን ጊዜ ማለፍ አለበት።

ይህን ያነሳሁት የታሪክ ክበብ ልጆች ለኤግዚቢሽናቸው የጻፉትን የእንግሊዝኛ መግለጫ እንዳርምላቸው ስላመጡልኝ ነው። ብራናው፣ የማርያ ቴሬዛ ብሩ፣ የግብር ደረሰኙ፣ ሁሉም «ሂስቶሪክ» ተብሏል።

ደረሰኙ ላይ ብዙ ቆየን። አንዷ ተማሪ ከአያቷ ሣጥን ያወጣችው ነው፤ በ1950ዎቹ የተከፈለ የመሬት ግብር። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፤ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም የገንዘብ ያዡን ፊርማ ግማሹን ውጦታል። ሂስቶሪካል ነው አልኳት። አያቷ በዚያ ዓመት ግብራቸውን ከፈሉ፣ በቃ። እንዲያውም ውድ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ምንም ያልተፈጠረበት ዓመት እንዴት እንዳለፈ ይነግረናል።

ሂስቶሪክ የሚባለው በ1960 ዓ.ም. የሆነው ነው። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ አሻፈረኝ አለ። የከበደው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱን የሚያጣ መሰለው። እዚህ ብቸናም፣ ሞጣም፣ ዳሞትም ተነሣ። ጦር ዘመተበት፣ ከአየርም ተደበደበ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን አነሱ፣ ውዝፉንም ግብር ማሩ። ርስቱን ብሎ የተነሣ ገበሬ መንግሥትን ቃሉን አስለወጠ። እያንዳንዱን አሮጌ ወረቀት ሂስቶሪክ ካልን ለዚህ ምን ቃል ሊተርፈን ነው? እኔ የምቆጨው በዚህ ነው።

ልጅቷ ግን ዝም አላለችም። «ቲቸር፣ የ1960 የግብር መጥሪያ ቢገኝስ?» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ጥያቄው ልክ ቃላቱ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው። የዘመኑ ሰነድ ነውና ሂስቶሪካልነቱ አይቀርም። ገበሬዎች ተሰብስበው «አንከፍልም» ያሉበት ያው ወረቀት ከሆነ ግን ሂስቶሪክም ነው። ጓደኞቿ አልተስማሙም፤ ወረቀቱ ሳይሆን እምቢታው ነው አሉ። እኔ ግን ወረቀቱም ነው ባይ ነኝ።

ነገ ኢኮኖሚክንና ኢኮኖሚካልን እንይ ብለውኛል። የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ጉዳይ የሆነውን ሁሉ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ቆጣቢ ማለት ነው። ለሁለተኛው የማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በምሳሌነት አነሣለሁ፤ አብዛኞቹ ቤት አለ።